ፎርጅድ ብር የሚለየው መብራትና የሳላችን ነገር

በማኅበራችን የብር ኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ኦዳ (ሞያሌ፣ ኬንያ) የተደረገ ንግግር



የበዓሉ ኮሚቴ ጠርቶ «ስለ ጤና አንድ ንግግር አዘጋጁ» ሲለን ሰው የተሳሳቱ መስሎን ነበር። እኛ ባለሱቅ ነን። ትምህርታችን ሁለተኛ ደረጃ ላይ ያበቃ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን የተማርነው ከባንኮኒ ጀርባ ቆመን ነው። ኮሚቴው ግን «ሐኪም ሲናገር ሕዝቡ አዎን አዎን ይልና፣ ሲወጣ ከእናንተ ሱቅ ካፕሱል ይገዛል። ስለዚህ እናንተው ተናገሩ» አለን። እውነት ስለሆነ መልስ አጣን።

እንግዲህ የምንናገረው ከምናውቀው ዕቃ ተነሥተን ነው። ዕቃው ይህች ከገንዘብ መሳቢያችን የማትለይ፣ ወይን ጠጅ ብርሃን የምትሰጥ ትንሽ መብራት ናት። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2019፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2020 የገንዘብ ኖቶቻቸውን ሲቀይሩ፣ እንደኛ በሁለት አገር ገንዘብ መካከል ቆሞ የሚነግድ ሰው ዓይኑን ማመን አቃተው። ሺልንጉ አዲስ፣ ብሩ አዲስ፣ ፎርጅዱም አዲስ። መብራቷን የገዛነው ያን ጊዜ ነው። ከምትሰጠው ብርሃን አብዛኛው ዓይናችን የማያየው፣ አልትራቫዮሌት የሚባል ጨረር ነው። ተራ ወረቀት ከሥሯ ሲቀመጥ በሰማያዊ ነጭ ብርሃን ቦግ ይላል። የትክክለኛ ኖት ወረቀት ግን ጨለም ብሎ ይቀርና የተደበቁት ክሮችና ምልክቶች ብቻ ይበራሉ።

አንድ ቀን አንዲት እናት አንድ ሺህ ሺልንግ ይዘው መጡ። ከመብራቱ ሥር ስናደርገው ከዳር እስከ ዳር ቦግ አለ። «እትዬ፣ ይህ ፎርጅድ ነው» ብለን በሰው ፊት መለስንባቸው። እሳቸውም አዘኑ፣ ባንክ ሄዱ፣ ባንኩም ደህና ገንዘብ ነው ብሎ ተቀበላቸው። ነገሩ በኋላ ነው የገባን። ኖቱ በባለቤታቸው ሱሪ ኪስ ውስጥ ተረስቶ ከልብስ ጋር በኦሞ ታጥቦ ኖሯል! የልብስ ሳሙና ዱቄት ነጩን የበለጠ ነጭ የሚያስመስል የሚያበራ ንጥረ ነገር ስላለው ገንዘቡንም አብርቶታል። ይቅርታ ጠይቀን ሻይ ጋበዝናቸው፤ አሁንም ባዩን ቁጥር ያነሡብናል። ልጆች፣ ነጭ ነጠላችሁን ለብሳችሁ ወደዚህች መብራት ብትጠጉ ያ ሳሙና ሲያበራ ታዩታላችሁ።

ለመሆኑ የሚያበራው ለምንድን ነው? ሞያሌ ላይ ለሚኖር ሰው ይህን ለማስረዳት ቀላል ነው። መንዛሪ ዘንድ ስትሄዱ ብር ትሰጡታላችሁ፣ ሺልንግ ይሰጣችኋል፣ በመሐል የራሱን ይቆርጣል። ሙሉውን የሚመልስ መንዛሪ አይተን አናውቅም። እነዚህ ንጥረ ነገሮችም እንደዚያው ናቸው። ጉልበቱ ከፍ ያለውን፣ ዓይናችን የማያየውን ጨረር ይቀበላሉ፣ ጥቂቱን ለራሳቸው ያስቀራሉ፣ የቀረውን ጉልበቱ ዝቅ ባለ፣ ዓይናችን በሚያየው ብርሃን ይመልሱታል። ምንዛሪው የሚያልቀው ከዓይን ጥቅሻ እጅግ ባነሰ ጊዜ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ኸርሽል እ.ኤ.አ. በ1845 የኪኒን ውሃ ላይ ሰማያዊ ፍካት አይቶ ጻፈ። በ1852 ደግሞ ጆርጅ ስቶክስ ምክንያቱን አስረድቶ «ፍሎረሰንስ» የሚል ስም አወጣለት። ኪኒን ስንል ያው ወባ የምታክመዋ መራራ መድኃኒት ናት። ቶኒክ ውሃ የምንለው መጠጥም መራራ የሆነው በእሷ ነው፤ ጠርሙሱ በዚህች መብራት ሥር እንደ ሰማይ ሰማያዊ ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሱቅ ዕቃ ወጥቶ ወደ ሰው ጤና የሚገባው። የሚያበራው ነገር መድኃኒትም ሲሆን እናያለን፤ መድኃኒቱ ደግሞ በሽታን ለማየት ሲያገለግል እናያለን። ከብት ያላችሁ ወገኖች ገንዲን ታውቃላችሁ። ከ1950ዎቹ ጀምሮ በአፍሪካ ለገንዲ ከብት ሲወጋ ከኖረው መድኃኒት አንዱ ሆሚዲየም፣ በሌላ ስሙ ኢትዲየም ይባላል። ይኸው የከብት መድኃኒት በዓለም ላቦራቶሪዎች ውስጥ ዲ.ኤን.ኤ. የሚባለውን የዘር ክር ለማየት ለብዙ አሥርት ዓመታት ዋነኛ ቀለም ሆኖ አገልግሏል። ከክሩ ጋር ሲጣበቅ ብርቱካናማ ሆኖ ያበራልና። የሴልን እምብርት በሰማያዊ ብርሃን የሚያሳየው ዳፒ የተባለው ቀለምም ቢሆን በመጀመሪያ፣ በ1970ዎቹ መግቢያ፣ የተሠራው ለዚሁ ለገንዲ ዓይነት በሽታ መድኃኒት ሲፈለግ ነው። መድኃኒት አልሆነም፤ የሳይንቲስት ዓይን ግን ሆነ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳያችን እንምጣ፤ ወደ ሳል።

ከደንበኞቻችን አንዱ በናይሮቢ መንገድ የጭነት መኪና የሚነዳ ልጅ ነበር። ስሙን አንጠራም። ሲያስለው ወደ እኛ መጣና «ጋሼ፣ አንድ ነገር ስጡኝ» አለ። አሞክሳሲሊን ሰጠነው። አልተሻለውም፤ ሲፕሮ ሰጠነው። በዚህኛው ለሁለት ሳምንት ቀለል አለውና አመሰገነን፣ እኛም ኮራን። ከዚያ ሳሉ ብሶ ተመለሰ። ለሦስተኛ ጊዜ ሸጥንለት። በቤቱ ሲጠየቅ «ብርድ ነው፣ የመኪናው መስኮት ነው» ይላል፤ እኛም ብርድ ነው እንላለን። አንድ ቀን ደግሞ ሚስማር አምጡልኝ አለን፤ ሰጠነው። እዚያው ባንኮኒያችን ላይ ቀበቶውን ዘርግቶ አዲስ ቀዳዳ በሳበት። ከስቶ ሱሪው አልይዝ ብሎት ነው። ያን ጊዜም አልነቃንም። የነቁት የቤታችን እመቤት ናቸው። «ይህ ልጅ ሳንባው ነው፤ እናንተ ደግሞ ቁማችሁ ካፕሱል ትቆጥራላችሁ» ብለው ተቆጡና እጁን ይዘው ወደ ሕክምና ወሰዱት። እኛም ተከተልን።

አክታው ተመረመረና የሳንባ ነቀርሳ ተገኘበት። ሕፃን ልጁም ስትመረመር ተይዛለች። ሁለቱም ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒታቸውን ወስደው ድነዋል። ልጅቷ ግን መጀመሪያ ላይ ለብዙ ሳምንታት ሆስፒታል ተኝታለች። የሦስቱን ጊዜ ካፕሱል ትርፍ ደምረን አይተነዋል፤ አንድ ኪሎ ስኳር አይገዛም።

ኋላ ላይ ዶክተር ጠይቀን እንደተረዳነው አሞክሳሲሊን ብቻውን ለዚህ ባክቴሪያ ምንም አያደርገውም። ሲፕሮና ዘመዶቹ ደግሞ የባሰ ነገር ይሠራሉ፤ ትንሽ ያዳክሙትና በሽተኛው የተሻለው ይመስለዋል፣ ምርመራውም ይዘገያል፣ ባክቴሪያውም መድኃኒት መልመድ ይጀምራል። በነገራችን ላይ ሲፕሮ ራሱ በአልትራቫዮሌት ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ተመራማሪዎች ያንኑ ብርሃን እየተከተሉ መድኃኒቱ ባክቴሪያው ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ይለካሉ። እነሱ መድኃኒቱ የት እንደ ደረሰ ያያሉ፤ እኛ ግን በፌስታል ጠቅልለን እንሰጥና የት እንደ ደረሰ አንጠይቅም ነበር።

በዚያን ቀን ላቦራቶሪው ውስጥ ያለው ባለሙያ፣ እግዜር ይስጠው፣ «ኑ፣ ምን እንደሆነ እዩት» ብሎ ከማይክሮስኮፑ ፊት አስቀመጠን። ያየነው ይህ ነው፦ ጥቁር ሻሽ ላይ የጥለት ክር ቆራርጦ የበተነ ይመስላል። ጨለማው ላይ አጫጭር፣ ቀጫጭን፣ አንዳንዶቹም ጎበጥ ያሉ፣ ቢጫ አረንጓዴ የሚያበሩ ክሮች። ያ ሁሉ ሳል፣ ያ ሁሉ ክሳት፣ የሕፃኗ መታመም ከእነዚያ ክሮች ነው። እኛም ወዲያው «ይህማ የኛ መብራት ነው!» አልን። ባለሙያው ሳቀ። «የናንተ የአክስት ልጅ ናት፤ ይህኛው ሰማያዊ ብርሃን ነው» አለን።

ነገሩን ከሥሩ እንንገራችሁ። ሮበርት ኮህ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን በርሊን ላይ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1882 ነው። ባክቴሪያው ቀለም የለውም፤ ከዚህም በላይ ገላውን እንደ ሰም ያለ ቅባት ሸፍኖታል። ስለዚህ ኮህ ያየው ቀለም አስገብቶበት ነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ በብዙ አገር የተሠራበት ዘዴ በቀይ ቀለም አቅልሞ፣ በአሲድ አጥቦ፣ አንድ ሺህ ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ መፈለግ ነው። ጉዳቱ ይህ ነው፦ ያን ያህል ሲጎላ የሚታየው ቦታ በጣም ትንሽ ነው። ባለሙያው የለም ለማለት መቶ ቦታ አንድ በአንድ ማየት አለበት። ከሰልፉ ርዝመት የተነሣ ዓይኑ ደክሞት የሚያልፈው ይኖራል። እኛም ሌሊት የገንዘብ ሒሳብ ስንዘጋ እናውቀዋለን።

በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ አውራሚን የተባለ ቢጫ ቀለም ለዚሁ ሥራ ዋለ። አውራሚን ሰም መሰሉን ልብስ አልፎ ይገባና ይቀመጣል፤ በአሲድና በአልኮል ቢታጠብም አይለቅም። ሌላው ነገር ሁሉ ግን ቀለሙን ይለቅቃል፤ በላዩም ፐርማንጋኔት ተጨምሮ እንዲጨልም ይደረጋል። ከዚያ ሰማያዊ ብርሃን ሲበራበት ባክቴሪያው ብቻ ይበራል። ቅኔ አዋቂ ቢኖር ሰምና ወርቅ ይለው ነበር። የሚያበራን ነገር ደግሞ ለማግኘት ብዙ ማጉላት አያስፈልግም፤ ሁለት መቶ ወይም አራት መቶ ጊዜ ቢጎላ ይበቃል። ስለዚህ በአንድ እይታ ሰፊ ሜዳ ይታያል፤ ሥራውም ሩብ ያህል ጊዜ ብቻ ይፈጃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ ብዙ ጥናቶችን ያሰባሰበ ሥራ እንዳሳየው ደግሞ ከቀዩ ዘዴ ይልቅ በአማካይ አሥር በመቶ ያህል የተሻለ ታማሚ ይለያል።

ታዲያ ይህን የመሰለ ነገር በ1930ዎቹ ተገኝቶ ለኛ ዓይነት ከተማ ለምን ያን ያህል ዘገየ? በአምፖሉ ነው። የድሮው የሜርኩሪ አምፖል ውድ ነበር፣ ሁለት መቶ ሰዓት ያህል ሠርቶ ይቃጠላል፣ ጨለማ ክፍልና የማይቋረጥ መብራት ይፈልጋል። ሞያሌ ውስጥ የማይቋረጥ መብራት! ነገሩን ያቀለለው ኤል.ኢ.ዲ. የተባለው፣ ዛሬ በእጅ ባትሪያችን ውስጥ ያለው አምፖል ነው። በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሰዓት ይበራል፣ በባትሪም ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ የድሮው አምፖል በዚህ እንዲተካ መከረ። ድሃ ከተማን የጠቀመው የቀለሙ መገኘት ብቻ ሳይሆን የአምፖሉ መርከስ ነው። ይህን ደግሞ ነጋዴ ይረዳዋል።

አንድ ነገር ሳንደብቅ እንናገር። ማይክሮስኮፕ የሚያየው በአንድ ሚሊ ሊትር አክታ ውስጥ እስከ አሥር ሺህ ገደማ ባክቴሪያ ሲኖር ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ ሊያመልጠው ይችላል። ስለዚህ «አንዴ ተመርምሬ የለብህም ተብያለሁ» ብሎ ማሳል የቀጠለ ሰው ይመለስ። ዛሬ የተሻለ መሣሪያ አለ፤ ጂን ኤክስፐርት ይባላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት በዲሴምበር 2010 የተቀበለው ነው። አክታው በካርትሬጅ ተዘግቶ ይገባና ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ባክቴሪያው መኖሩን፣ ሪፋምፒሲን ለተባለው ዋና መድኃኒትም እምቢ ማለት አለማለቱን ይናገራል። በዚያ ሳጥን ውስጥ የሚሠራውስ ማን ይመስላችኋል? እነዚያው የሚያበሩ ቀለሞች ናቸው። የባክቴሪያውን የዘር ክር ሲያገኙ ይበራሉ፣ ካላገኙ ጨለማ ሆነው ይቀራሉ።

ሌላም ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ፣ በተለይ ለሴት ልጆቻችን። አውራሚን አንድ ጉድለት አለው፤ የሞተውንም የቆመውንም ባክቴሪያ እኩል ያበራል። መድኃኒት የጀመረ ሰው እየዳነ ይሁን አይሁን በሱ ብቻ መለየት ያስቸግራል። ቡሩንዲ ተወልዳ ያደገች ሚሬይ ካማሪዛ የምትባል ወጣት በአሜሪካ ስትማር፣ ከአስተማሪዋ ከካሮሊን በርቶዚ ጋር ሆና ለዚህ መላ ፈለገች። ትሬሃሎስ የሚባለውን ባክቴሪያው የሚወደውን ስኳር ከሚያበራ ቀለም ጋር አያይዘው ሰጡት። በሕይወት ያለው ባክቴሪያ ስኳሩን ወስዶ ልብሱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ቀለሙም የሚበራው እዚያ ሰም ውስጥ ሲገባ ነው። የሞተ አይበላም፣ ስለዚህ አይበራም። በደቡብ አፍሪካ ታማሚዎች አክታ ሞክረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2018 አሳተሙ። በርቶዚ በ2022 በኬሚስትሪ የኖቤል ሽልማት አግኝታለች፤ ሽልማቱ ሰፋ ላለው ሥራዋ ነው። ቡሩንዲ ከዚህ ሩቅ አይደለም።

ስለ ካፕሱል ካነሣን ቴትራሳይክሊንን ሳንጠቅስ አናልፍም። ቴትራሳይክሊን ባክቴሪያ ይዋጋል፣ በዚህችም መብራት ሥር ቢጫ ሆኖ ያበራል። በአገራችን ለትራኮማ የዓይን ቅባቱን የማያውቅ የለም። የሚዋጠው ግን ካልሲየም ካለበት ጋር ይጣበቃል፤ አጥንት ውስጥ፣ ጥርስ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። እስከ መቼ? ስሙ፦ በሱዳን ኑቢያ ከአሥራ አምስት መቶ ዓመት በፊት ገደማ የተቀበሩ ሰዎች አጥንት ተሰንጥቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቢጫ አረንጓዴ አበራ። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ነው። ተመራማሪዎቹ የደረሱበት፣ ሰዎቹ ከእህል ይጠምቁት በነበረው መጠጥ ውስጥ መድኃኒቱን የሚሠራ ተሕዋስ ይበቅል እንደነበረ ነው። ጠላ ጠማቂ እናቶች ይህን ሰምታችሁ ዋጋ እንዳትጨምሩ!

ሳቁ እንዳለ ሆኖ፣ ከስምንት ዓመት በታች ለሆነ ልጅና ለነፍሰ ጡር ሴት ይህ ካፕሱል የማይሰጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ጥርስ ሲያድግ ይገባና ቡናማ ቢጫ አድርጎት ይቀራል፤ በመፋቂያም በሳሙናም አይለቅም። እዚህ ከተማ ፈገግ ሲሉ አፋቸውን በእጅ የሚሸፍኑ ልጆች አይተናል። አንዳንዱ ውሃው ይሆናል። አንዳንዱ ግን ከእኛ መደርደሪያ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ማን ጠይቆ ይሸጥ ነበር?

እኛ ካፕሱል መሸጥ አቁመናል። አንዳንድ ደንበኛ ተቀይሞናል፤ «ጋሼ ሀብታም ሆነዋል፣ የኛን ሺልንግ ናቁ» የሚል አለ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ያለው ሰው ሲመጣ ወደ ሕክምና እንልካለን። እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ በዓለም 10.8 ሚሊዮን ያህል ሰው በዚህ በሽታ እንደታመመና 1.25 ሚሊዮን ያህል እንደሞተ የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል። ኬንያም ኢትዮጵያም በሽታው ከሚበረታባቸው አገሮች መካከል ናቸው። አንድ ያልታከመ ሰው በዓመት ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ሰው ሊያስይዝ ይችላል። ሕክምናው በሁለቱም አገር የመንግሥት ተቋማት በነፃ ነው፤ አብዛኛው ሰው በስድስት ወር መድኃኒት ይድናል። መድኃኒቱ ሽንት ብርቱካናማ ቢያደርግ አትደንግጡ፤ የሪፋምፒሲን ቀለም ነው።

የኛ ከተማ ልዩ ችግር ስድስት ወሩ ነው። የጋራው ኬላ በዲሴምበር 2020 ከተመረቀ ወዲህ መሻገሩ ቀሏል፤ ሰዉም ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ነው። ዝናብ ሲጠፋ ከብቱን ተከትሎ፣ ገበያ ሲኖር ዕቃውን ተከትሎ ይሄዳል። መድኃኒቱን ኦዳ ጀምሮ ያቤሎ ላይ የሚያቋርጥ አለ። ሲሻለው «ድኛለሁ» ይላል። ባክቴሪያው ግን ያችን ዕረፍት ይጠብቃል። ከመሄዳችሁ በፊት የሕክምና ካርዳችሁንና ወደምትሄዱበት የሚያስተላልፍ ደብዳቤ ጠይቁ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ተጽፎ አልገባ ካላችሁ ማኅበሩ ውስጥ የሚያነብላችሁ ሞልቷል። የታመመውንም ሰው ዕቃውን ለይታችሁ አታርቁት፤ በሽታው የሚተላለፈው በትንፋሽና በሳል እንጂ በብርጭቆ አይደለም። ተገቢውን መድኃኒት በሚገባ መውሰድ የጀመረ ሰው ብዙም ሳይቆይ ማስተላለፉ በእጅጉ ይቀንሳል። እድርና ማኅበር ሲሞት እንጂ ሲታመም አያውቀንም የሚል ወቀሳ ሰምተናል፤ ኮሚቴውም ሰምቶታል።

ከኮሚቴው ጋር የተስማማነው አንድ ነገር አለ። ለአክታ ምርመራ ለሚሄድ አባል የባጃጅ ሒሳቡን ማኅበሩ ይሸፍናል። ስም የሚመዘገብበት ደብተር እኛ ሱቅ ነው ያለው፤ ደብተሩ ላይ «የስኳር ዱቤ» ተብሎ ተጽፎበታል፣ ማንም ሰው ስሙን ቢያይ ለምን እንደ ተጻፈ አያውቅም። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የቤታችን እመቤት አብረው ይሄዳሉ።

መብራቷን ይዘናት መጥተናል። ከቡናው በኋላ ልጆች በዚህ ጥግ ተሰብሰቡ። ሁለት ጠርሙስ ቶኒክ ውሃ፣ አንድ እሽግ ኦሞና ያቺ የታጠበች አንድ ሺህ ሺልንግ አሉ፤ እትዬ ለዛሬ አውሰውናል። ወደ ዓይን የሚያበራባት ልጅ ግን ከሰልፉ ይወጣል። የአዳራሹን መብራት የሚያጠፋልን አንድ ሰው ብቻ እንፈልጋለን።